የካሪስ ትርጉም

ተናኘወርቅ የስምንት ወር የልጅ ልጇን ታቅፋ ወደ ማዕድ ቤቱ ልትገባ ስትል ነው ወሬው ጆሮዋ የገባው። የልጇ የባርናባስ አማት ግሌንዳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ የተቀቀለ ድንች በማዮኔዝ እየለወሰች፣ ከጎረቤቷ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች። ጎረቤትየዋ "ካሪስ! እንዴት ያለ ቆንጆ ስም ነው፤ ከየት አመጣችሁት?" ብላ ጠየቀች። "የእናቴ ስም ነው" አለች ግሌንዳ። "የዌልስ ስም ነው። በዌልሽ 'ካሩ' ማለት መውደድ ነው፤ ካሪስ ከዚያ የወጣ ነው፤ እንደ ግላዲስ መጨረሻው ላይ 'ኢስ' ይጨመርበታል። ፍቅር እንደ ማለት ነው። አያቴ ከዌልስ የከሰል ጉድጓድ ወጥቶ እዚህ ድራምሄለር የከሰል ጉድጓድ ሲገባ እናቴ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ልጄ ሎረን እሷን የቀበርን ዕለት ነው የወሰነችው፤ ሴት ከወለድኩ ካሪስ ነው የምላት አለች። ከባርናባስ ጋር ገና የተዋወቁ ሰሞን ነግራው እሺ ብሏታል። ደግ ልጅ ነው፤ አንድም ቀን አላንገራገረም።"

ተናኘወርቅ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ አይገባትም ብሎ ነው የሚያስበው። የሚከብዳት ምላሷ ላይ እንጂ ጆሮዋስ ደህና ነው። ካልጋሪ፣ ዶቨር በሚባለው ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ዘመኗን ስትሠራ፣ ፊት ለፊቷ የሚያሟትን ሁሉ እየሰማች "ኦኬ፣ ኦኬ" ስትል ነው የኖረችው። "የእናቴ ስም ነው" የሚለውም፣ "እሺ ብሏታል" የሚለውም አንድ ፊደል ሳይጎድል ገባት። ልጅቷ የአንገቷን ሐብል ጨምድዳ ትጎትታለች። ተናኘወርቅ ትንሿን እጅ ከሐብሉ አላቀቀችና፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት፣ ዕቃ እንደሰረቀ ሰው ድምፅ ሳታሰማ ወደ መተላለፊያው ተመለሰች።

መተላለፊያው ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ኦኮቶክስ ከተማ ወዳለው ወደዚህ ቤት በመጣች ቁጥር እጇን ልትታጠብ ስታልፍ አይታቸዋለች፤ ነገር ግን የሰው ቤት ሙታን ናቸው ብላ ትኩር ብላ ተመልክታቸው አታውቅም። አሁን ከመካከላቸው ሹራብ የለበሰች፣ የአትክልት አጥር ተደግፋ የምትስቅ አሮጊት አየች። አገጯ መሀል ስርጉድ አለ። ተናኘወርቅ ክንዷ ላይ ያለችውን ልጅ አገጭ አየች። ስርጉዱ እዚያም አለ። ስምንት ወር ሙሉ ይህን ስርጉድ እየሳመች "የፀጋዬ ነው፣ ቁርጥ የአያቷ" ስትል፣ ባርናባስ አጠገቧ ቆሞ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ፀጋዬ ባሏ ነው፤ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። አፈሩ በበረዶ ጠጥሮ በማሽን በተቆፈረበት በዚያ ቀን፣ መቃብሩ አፍ ላይ፣ ባርናባስ ክንዷን ደግፎ "እማዬ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የአባዬን ስም ነው የሚይዘው" አላት። ማንም አላስገደደውም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቀጥሎ ቄስ የሌለበት፣ በግሌንዳ ጓሮ ድንኳን ተጥሎ የተደረገው ሠርግ መጣ። ተናኘወርቅ ኬኩ ሳይቆረስ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ከሎረን ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። ሎረን ማርገዟን ስትሰማ እንኳ ስልክ አላነሳችም። ልጅቷ የተወለደች ዕለት ባርናባስ ከሆስፒታል ደወለ። "እማዬ፣ ሴት ናት። ስሟን ካሪስ ብለናታል" አለ። ወዲያውም ቀጥሎ "ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛው ነው፤ ጸጋ ማለት ነው። ጸጋ ብለን ብንጽፈው እዚህ አፋቸው ላይ ይበላሻል ብዬ ነው። ቃሌን ጠበቅኩ አይደል?" አላት።

ያን ቀን ዋይትሆርን ሰፈር ካለው ቤቷ በባቡር ሆስፒታል ድረስ ስታለቅስ ነው የሄደችው። ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴት መሐረብ ሰጠቻት። እዚያ ስትደርስ ልጅቷን ከማየቷ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ የሎረንን እጆች ሳመች፤ "ሶሪ፣ ሶሪ" አለቻት፤ ሎረንም አቅፋት አለቀሰች። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ የቤት ስሟን ጠየቁ። ተናኘወርቅ "ካሪስ፤ ጸጋ ማለት ነው ብሎኛል ልጄ፤ እውነት ነው አባ?" ስትላቸው "አዎን፣ በጽርዕ፣ በግሪክኛው ማለት ነው፣ ጸጋ ማለት ነው፤ ድንቅ ስም አወጣችሁ" አሏት። አዲስ አበባ ላለችው ለባሏ እህት ለእትዬ ሙሉሸዋ ደውላ ብትነግራት ስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ወዲያ ተናኘወርቅ ልጅቷን ለመያዝ ብላ ሥራዋን ለቀቀች። ሎረን ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ወዲህ በሳምንት አራት ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እየሄደች "ጸጋ፣ የኔ ጸጋ" እያለች ስታጎርስ፣ ስታጥብ፣ ስታስተኛ ውላ ትመለሳለች። ካሪስ ብላ ጠርታት አታውቅም።

ምሳው ላይ አንዱን የጠረጴዛ ጫፍ ሰጧት። የግሌንዳ ልደት ስለሆነ ከሱፐርማርኬት አሥራ ስምንት ዶላር የገዛችላት አበባ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል፤ ያመጣችው የምስር ሳምቡሳም ሃም ከሚባለው የአሳማ ሥጋ ጎን ተደርድሯል። ስለ አየሩ አወሩ፤ ዘንድሮ የሰደድ እሳት ጭስ ገና ሳይመጣ ሰኔ መጋመሱን፣ ኦኮቶክስ ውስጥ እየበዛ ስላለው አዲስ ቤት፣ የእንቁላል ዋጋ ወርዶ መልሶ ስለመውጣቱ። ጎረቤትየዋ ሳምቡሳውን "እንዴት ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀች፤ ባርናባስ መለሰላት። ተናኘወርቅ ልጇን ታየዋለች። ሹካው እንደ ወትሮው ነው የሚሄደው፤ ሳቁም እንደ ወትሮው ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ፊት እንዳለው የሚታወቀው በምኑ ይሆን እያለች አንገቱን፣ ጆሮውን፣ በቅርብ የተስተካከለውን ፀጉሩን ስትመረምር፣ ሎረን ልጅቷን ከሕፃን ወንበሯ አንስታ "ነይ ወደ እማማ፣ ጸጋ!" አለቻት። ሎረን ይህቺን ቃል ከሷ ነው የለመደቻት፤ "ጸ"ዋን ለማለት ምላሷ እየተቸገረ እንኳ ትላታለች። "ማማ" አለች ቀጥላ ወደ ተናኘወርቅ ዞራ፤ "ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እያልኩ እረሳለሁ። ጸጋ ማለት ማር ማለት ነው አይደል? ባርናባስ እናንተ ሕፃን ስታቆላምጡ የምትሉት ነው ብሎኛል።"

ባርናባስ ቀና አላለም። "አዎ፣ እንደዚያ ነገር ነው" አለ ድንቹን እየወጋ። "ሰላጣውን አቀብዪኝ፣ ሃኒ።" ተናኘወርቅ የውኃ ብርጭቆዋን አነሳች፤ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው። ሎረን ምላሹ ከሷ አለመምጣቱን ልብ ያለች መሰለች፤ ፈገግታዋ እንዳለ ሆኖ ዓይኗ ትንሽ ጠየቀ።  ኬኩ መጣ፣ ተዘፈነ፣ ሻማው ጠፋ። በዚያች ሰዓት ውስጥ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሎረን ስምንት ወር ሙሉ ከአፏ የሰማችው የፀጋዬን ስም ሳይሆን ማር የሚል ቃል ነው።

ሎረንና ሕፃኗ እዚያው ሊያድሩ ስለነበር ወደ ዋይትሆርን የሚመልሳት ባርናባስ ብቻውን ነው። ሃይዌይ ቱኤ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሲወጡ በስተምዕራብ ተራሮቹ ጫፋቸው ላይ የቀረውን በረዶ ይዘው ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ሜዳው ለምልሟል። ባርናባስ ዝምታ አይወድም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። የክረምት ጎማውን ገና አለመቀየሩን አወራ፤ አለቃው ኤድመንተን ሊልከው እንዳሰበ አወራ። "ነዳጅ ደግሞ ሊትሩ አንድ ከስልሳ ገባልሽ" አለ ማደያ ሲያልፉ።

"ካሪስ የማን ስም ነው?" አለችው።

ያልተከፈተውን ሬዲዮ ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ከነካው በኋላ መለሰው። "ማን ነገረሽ?" አለ።

"ማን ነገረሽ ነው የምትለኝ?"

ከፊታቸው ያለውን የጭነት መኪና ቀድሞ አለፈ። ከዚያ በቢሮ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን አስተካክሎ፣ "እማዬ፣ የነገርኩሽ እኮ ውሸት አይደለም" አለ። "ካሪስ በግሪክኛ ጸጋ ነው። ጉግል አድርጊው። ቄሱም እኮ ነግረውሻል። አንድ ስም ሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም ቢኖረው ምን አለበት? የነሱም ሆነ፣ የኛም ሆነ። እንዲያውም ቆንጆ ነገር ነው።"

"ቄሱን እንደምጠይቅ ታውቅ ነበር?"

"ማለት?"

"ስትነግረኝ። ሄጄ እንደምጠይቃቸው ታውቅ ነበር?"

ባርናባስ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "አውቅ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ለዚህ ነው አስቀድሜ ቼክ ያደረግኩት።"

 ሰው በድንጋጤ ይዋሻል፣ አፉ ያመልጠዋል፤ ያን ብትችለው ትችለው ነበር። ይኼኛው ግን ተቀምጦ እሷን አስቧት፣ ጠባይዋን አስታውሶ፣ እምነቷ በየት በኩል እንደሚገባ መዝኖ ነው። "ለማን ነው መጀመሪያ ቃል የገባኸው?" አለችው። "ለሷ ነው ለአባትህ?"

"ለሎረን። አባዬ ሳይታመም በፊት ነው።"

"መቃብሩ ላይ ቆመህ የሰጠኸኝ እንግዲህ ለሰው የሰጠኸውን ነው።"

"ልትወድቂ ነበር እኮ እማዬ! መቆም አቅቶሽ ነበር። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣውን አልኩሽ። ከዚያ መመለሻ አጣሁ።"

"አባትህ አንተ ስትወለድ ሳምንት ሙሉ የሐዋርያት ሥራን ሲያነብ ነው የከረመው" አለች ወደ መስኮቱ ዞራ። "ባርናባስ ማለት የመጽናናት ልጅ ማለት ነው ብሎ፣ ሲያነብልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትርጉም ሳያጣራ ስም አያወጣም ነበር፤ ያጣራው ግን ሰው ሊያታልልበት አይደለም።" ከዚያ በኋላ ካልጋሪ እስኪገቡ፣ ዲርፉት መንገድን ይዘው ወደ ሰሜን ምሥራቅ እስኪታጠፉ፣ ባርናባስ የሚለው ሁሉ ከመስታወቱ ጀርባ እንደሚያልፍ የመኪና ድምፅ ሆነባት።

አፓርታማዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት፣ ባቡሩ ሲያልፍ የብርጭቆ ቁምሳጥኑ የሚንቀጫቀጭ ሳሎን። ሶፋው ፀጋዬ በሕይወት ሳለ የገዙት ነው፤ እሱ የሚቀመጥበት ጎን እስከ ዛሬ ጎድጉዷል። ከእናቷ ጋር የምትኖረው ታናሿ ልጇ ሮሚ ከፋርማሲው ሺፍት ገና መመለሷ ነበር፤ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ኑድልስ ትበላለች። ተናኘወርቅ ጫማዋን እያወለቀች "ወንድምሽ ያደረገውን ልንገርሽ" አለቻት። ባርናባስ ባዶውን የሳምቡሳ ሣህን ይዞ ኋላዋ ገብቶ በሩ ሥር ቆመ። ተናኘወርቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ግሌንዳ እናት፣ ስለ ዌልስ፣ ስለ መቃብሩ፣ ስለ ማሩ። እየተናገረች ሳለ ጉልበቷ ይመለስላት ጀመር። ሮሚ የአባቷ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲታመም ሌሊቱን ኩርሲ ላይ ያደረችው እሷ ናት። ሮሚ ስትቆጣ የሚሆነውን ታውቃለች፤ ያንን ቁጣ ጠበቀች።

ሮሚ ሹካዋን ሣህኑ ላይ አሳረፈች። ወንድሟን አየችው፣ መልሳ ጠረጴዛውን አየች። "ማሚ" አለች፤ "ባርኒ ላይ ብቻ አትናደጂ። አይዲያው የኔ ነው።"

"የምን አይዲያ?"

"የግሪኩ። ካሪስ የሚለውን ጉግል ሳደርግ ሁለት ነገር ወጣ፤ የዌልሹና የግሪኩ። ላይክ፣ ግሬስ ይላል። ለባርኒ ቴክስት አደረግኩለት። ይሄን በላት፣ ደስ ይላታል አልኩት።" ድምጿ ቀጠነ። "ማሚ፣ ሎረንን አንድ ዓመት ሙሉ ኢግኖር አድርገሻት ነበር። ቤቢዋ ልትመጣ ነው፣ አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ የለሁም ትያለሽ። ሁላችንም ደክሞን ነበር። አይ ሚን፣ እውነቱን ቢነግርሽ ሆስፒታል ትሄጂ ነበር?"

ተናኘወርቅ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። እሄድ ነበር ልትል ፈለገች፤ እናት ነኝ፣ አያት ነኝ፣ እንዴት አልሄድም ልትል። ያን ክረምት ስልኩ ሲጮህ ገልብጣ ታስቀምጠው እንደነበር ግን ራሷ ታውቃለች። ባቡሩ አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ልክ ነሽ እንዳትላት የታለለችው እሷ ናት፤ ተሳስተሻል እንዳትላት እርግጠኛ አይደለችም። ከሁሉ ያቃጠላት ደግሞ ይኼው ነበር። ሁለቱ ልጆቿ፣ ከሆዷ የወጡት፣ እሷ አጠገባቸው እያለች ስለሷ ተመካክረው፣ መራራ መድኃኒት በስኳር በጥብጠው እንደሚያጠጡት ሕፃን አድርገው አጠጥተዋታል። ጠጥታም አመስግናቸዋለች።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በራ። ሎረን በቪዲዮ ነው የምትደውለው። ሮሚ "አታንሺው፤ ቆይ ትንሽ ተረጋጊ" አለች። ተናኘወርቅ አነሳችው። ሎረን ግሌንዳ ቤት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ጭኗ ላይ ሆና የስልኩን ጠርዝ ልትነክስ ትታገላለች። "ማማ፣ በሰላም ደረሳችሁ?" አለች ሎረን፤ እንዲገባት ብላ ቃላቱን ለያይታ፣ ቀስ እያለች ነው የምትናገረው። "ምሳ ላይ ልክ አልነበርሽም። እናቴ ስለ አያቴ ሳወራ ሰምታኝ ይሆን፣ አስቀይሜያት ይሆን ብላ ተጨንቃለች። እኔ ደግሞ አይደለም አልኳት። ካሪስ የአያቴ ስም መሆኑን ባርናባስ ገና ድሮ ነግሮሻል አይደል? እኔ እኮ ካንቺ ፈቃድ ሳይጠይቅ አይሆንም ብዬው ነበር። ባልሽ ከሞተ ብዙም ስላልቆየ፣ የሱን ስም ትፈልጊ ይሆናል ብዬ። ጠየቅኳት፣ በደስታ አለቀሰች ነው ያለኝ። ሆስፒታል መጥተሽ እጄን ስትስሚኝ ለዚያ መስሎኝ… ነግሮሻል፣ አይደል?"

 ሮሚ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ባርናባስ በሩ ሥር፣ ሣህኑን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ እናቱን ያያል። ልጅ ሳለ እንኳ እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም። ተናኘወርቅ ማያ ገጹ ላይ ያለችውን ወጣት ሴት ተመለከተች። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ያልዋሸቻት እሷ ብቻ መሆኗ አሁን ነው የገባት፤ ያቺ አንድ ዓመት ሙሉ ፊት የነሳቻት ሴት ፈቃዷ እንዲጠየቅ አስባ ነበር። እውነቱን አንድ ቃል ብትናገር ኦኮቶክስ ያለው ደረጃ ላይ ምን እንደሚሆን አየችው። ልጅቷ ስልኩን ነክሳ ሳቀች።

"ዬስ" አለች ተናኘወርቅ። "ሂ ቴል ሚ። ሎንግ ታይም። ቬሪ ጉድ ኔም። ቴል ዩር ማም ቬሪ ጉድ ኔም። ማንዴይ አይ ካም።"

ሎረን ከነሕፃኗ እጇን አውለብልባ ተሰናበተቻት። ስልኩ ከጠፋ በኋላ በሩ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ባርናባስ እፎይ ያለው ነው። ትከሻው ወረደ፤ ፊቱ ተፈታ፤ ሣህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "እግዜር ይስጥልኝ እማዬ፤ አውቅ ነበር፣ አንቺ እኮ…" እያለ ሊያቅፋት መጣ። ውሸቱን ምናልባት አንድ ቀን ትረሳለት ይሆናል። ይህን እፎይታውን ግን፣ በሷ አፍ ተጠርጎለት የተነፈሰውን ይህን ትንፋሽ፣ የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም። እጇን ዘርግታ ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ሳትገፋው፣ ባለበት አቆመችው።

"ሂድ" አለችው። "ሚስትህ ጋ ሂድ።"

ቆሞ ጠበቀ። ሌላ ነገር ትጨምራለች ብሎ ነበር፤ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ስትደርስ ደውል፣ እንደ ሁልጊዜው። ተናኘወርቅ ባዶውን ሣህን አንስታ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች፤ ውኃውን ከፈተች፤ በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋም ዞር አላለችም።